የነጭ ኮሌታ ወንጀል፡ የታመነ ሰው ጥፋት በወንጀል ሳይንስ ዓይን

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲነገር ኖሯል፡፡ አባባሉ በጨዋታ መካከል በቀልድ መልክ ይወርወር እንጂ ውስጡ ሲፈተሽ ከባድ መልእክት ያዘለ ነው፡፡ ሹመት የሕዝብ አደራ ሳይሆን የግል ሲሳይ ነው፤ በሲሳዩ ያልተጠቀመም ሞኝ ነው ይላል፡፡ በአባባሉ ውስጥ ሌባ ወይም ስርቆት የሚል ቃል አይገኝም፡፡ ድርጊቱ «መብላት» ተብሏል፤ መብላት ደግሞ በማንም ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም፡፡

ወንጀልን፣ የወንጀልን መንስኤና ኅብረተሰቡ ለወንጀል የሚሰጠውን ምላሽ በሳይንሳዊ መንገድ የሚያጠናው ክሪሚኖሎጂ የተባለው የዕውቀት ዘርፍ ከሰማንያ ዓመታት በላይ ሲመረምራቸው ከኖሩ ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው፡፡ የተማረ፣ ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ በጎረቤቶቹ የተከበረና በመሥሪያ ቤቱ የታመነ ሰው እንዴት ወደ ወንጀል ይገባል? ከመግባቱ በፊትስ ለራሱ ምን ይለዋል?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «የነጭ ኮሌታ ወንጀል» በሚል መጠሪያ የሚታወቀውን የወንጀል ዓይነት ምንነት፣ መንስኤና መከላከያ ከክሪሚኖሎጂ አንፃር ለመንግሥት ሠራተኞችና ለሥራ ኃላፊዎች ማስገንዘብ ነው፡፡

የስያሜው አመጣጥ

ስያሜው ከአለባበስ የመጣ ነው፡፡ በምዕራቡ ዓለም በፋብሪካና በማዕድን ማውጫ የሚሠራው ሠራተኛ ቆሻሻ የማያጋልጥ ሰማያዊ የሥራ ልብስ ሲለብስ፣ በቢሮ የሚውለው ደግሞ ነጭ ሸሚዝ በከረባት ይለብስ ስለነበር ሁለቱን ወገኖች በኮሌታቸው ቀለም ለይቶ መጥራት የተለመደ ነበር፡፡

ይህን አጠራር ከወንጀል ጋር አያይዘው ለምርምር ያቀረቡት አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ኤድዊን ሰዘርላንድ ናቸው፡፡ ምሁሩ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 27 ቀን 1939 በፊላደልፊያ ከተማ የአሜሪካ የሶሲዮሎጂ ማኅበር ፕሬዚዳንት በመሆን ባሰሙት ንግግር የዘመኑን የወንጀል ጥናት ከመሠረቱ የሚነቅፍ ሐሳብ አቀረቡ፡፡

በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የወንጀል መንስኤ ድህነት፣ የቤተሰብ መፍረስ ወይም የአእምሮ ጉድለት ነው ብለው ያምኑ ነበር፡፡ ለዚህ ድምዳሜያቸው መነሻ የሆናቸው የፖሊስ፣ የፍርድ ቤትና የማረሚያ ቤት መዝገብ ነው፡፡ የሰዘርላንድ ትችት ያነጣጠረው በዚሁ መዝገብ ላይ ነበር፡፡ መዝገቡ ኪስ አውላቂውንና ቤት ሰርሳሪውን ይዟል፤ የባንክ ሥራ አስኪያጁን፣ የኩባንያ ዳይሬክተሩንና ጉቦ ተቀባዩን ሹም ግን ብዙውን ጊዜ አልያዘም፡፡ ስለሆነም ድህነት ወንጀልን ይወልዳል የሚለው ድምዳሜ ድሆችን ብቻ ቆጥሮ የተገኘ ነው በማለት ተከራከሩ፡፡ ለእርሳቸው የነጭ ኮሌታ ወንጀል ማለት የተከበረና ከፍ ያለ ማኅበራዊ ደረጃ ያለው ሰው ከሥራው ጋር በተያያዘ የሚፈጽመው ወንጀል ነው፡፡

ምሁሩ በንግግር ብቻ አልተወሰኑም፡፡ እ.ኤ.አ በ1949 ባሳተሙት መጽሐፍ 70 ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች የተሰጡባቸውን ውሳኔዎች መርምረው 980 የጥፋተኝነት ውሳኔዎችን አግኝተዋል፡፡ ይህም በአማካይ ለአንድ ኩባንያ 14 መሆኑ ነው፡፡ ከሰባው ኩባንያዎች መካከል አንድም ውሳኔ ያልተሰጠበት አልነበረም፡፡ ጥፋቶቹ ነፃ ውድድርን ማፈን፣ ሐሰተኛ ማስታወቂያ ማሰራጨት፣ የሌላውን የፈጠራ መብት መጣስና የሠራተኞችን መብት መርገጥ የመሳሰሉ ነበሩ፡፡ ከ980ዎቹ ውሳኔዎች ውስጥ በወንጀል ችሎት የተሰጡት ግን 158 ብቻ ናቸው፡፡ ሌሎቹ በፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤቶችና በአስተዳደር አካላት የታዩ ነበሩ፡፡ ሰዘርላንድ ከዚህ በመነሣት ባለሥልጣንና ባለሀብት ሲያጠፋ ጉዳዩ የሚታይበት ደጃፍ ራሱ የተለየ መሆኑን አሳይተዋል፡፡

መጽሐፉ ራሱ የደረሰበት ዕጣም የወንጀሉን ባሕርይ የሚያሳይ ነው፡፡ አሳታሚው በስም ማጥፋት እከሰሳለሁ ብሎ በመስጋቱ የኩባንያዎቹ ስም ከመጽሐፉ እንዲወጣ ተደርጓል፡፡ ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ በ1950 ከዚህ ዓለም በሞት ሲለዩ፣ የኩባንያዎቹ ስም ሳይቀነስ መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የታተመው ግን ከ33 ዓመታት በኋላ በ1983 ነበር፡፡

በትርጉሙ ላይ የተነሣው ክርክር

የሰዘርላንድ ትርጉም ሳይነካ አልቀረም፡፡ የሕግና የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ፖል ታፓን እ.ኤ.አ በ1947 ባቀረቡት ትችት ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያላለውን ሰው ወንጀለኛ ብሎ መጥራት ተገቢ እንዳልሆነ አስጠንቅቀዋል፡፡ ይህ ማሳሰቢያ ዛሬም ዋጋ አለው፡፡ ሐሜት ማስረጃ አይደለም፤ አንድ የሥራ ኃላፊ ቤት ሠራ ወይም መኪና ገዛ ተብሎ ወንጀለኛ ሊባል አይችልም፡፡ የተጠረጠረ ሰው ጥፋተኝነቱ በፍርድ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው፡፡

ሌላው ክርክር «ከፍ ያለ ማኅበራዊ ደረጃ» የሚለውን ሐረግ የሚመለከት ነው፡፡ አሜሪካዊው የሕግ ባለሙያ ኸርበርት ኤደልኸርዝ እ.ኤ.አ በ1970 ትኩረቱ ከሰውየው ማዕረግ ወደ ድርጊቱ ባሕርይ መዞር አለበት ብለዋል፡፡ በእርሳቸው አመለካከት ወንጀሉን የሚለየው ጉልበትን ሳይጠቀሙ፣ በመደበቅ ወይም በማታለል፣ ገንዘብን፣ ንብረትን ወይም ሌላ ጥቅምን ለማግኘት የሚፈጸም መሆኑ ነው፡፡ በዚህ አመለካከት የመጋዘን ሠራተኛውም ሆነ ዋና ሥራ አስኪያጁ በአንድ መስፈርት ይመዘናሉ፡፡

ማርሻል ክሊናርድና ሪቻርድ ኩዊኒ የተባሉት ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ በ1973 ወንጀሉን ለሁለት ከፍለውታል፡፡ አንደኛው ግለሰቡ በሥራው አጋጣሚ ለራሱ ጥቅም ሲል የሚፈጽመው ነው፡፡ ገንዘብ ያዡ የሰበሰበውን ገቢ ሳያደርግ ሲቀር፣ ወይም የጨረታ ኮሚቴ አባሉ ምስጢር ሲሸጥ የሚታየው ይህ ነው፡፡ ሁለተኛው የድርጅት ወንጀል ሲሆን፣ ጥፋቱ የሚፈጸመው ለድርጅቱ ጥቅም ተብሎ ነው፡፡ ሁለት ዓይነት የሒሳብ መዝገብ ይዞ ግብር መሰወር፣ ጉዳት የሚያደርስ ምርትን እያወቁ ለገበያ ማቅረብ ለዚህ ምሳሌ ናቸው፡፡ በመጀመሪያው ዓይነት ድርጅቱ ተጎጂ ሲሆን በሁለተኛው ተጠቃሚ ነው፡፡

ሙስና ከነዚህ ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ወንጀል ነው፡፡ በአደራ የተሰጠን ሥልጣን ለግል ጥቅም ማዋል እንደመሆኑ፣ የነጭ ኮሌታ ወንጀል ዋነኛ መገለጫ ተደርጎ ይወሰዳል፡፡ የነጭ ኮሌታ ወንጀል ግን ከሙስና ይሰፋል፤ ከመንግሥት ሥልጣን ጋር ግንኙነት የሌለውን የንግድ ማጭበርበርም ያጠቃልላልና፡፡

የታመነው ሰው ለምን ይወድቃል?

ሰዘርላንድ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ወንጀል እንደማንኛውም ሙያ በመማር የሚገኝ ነው የሚል ነው፡፡ አዲስ ተቀጣሪ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ የሥራውን ዘዴ ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራው የሚነገረውንም አብሮ ይማራል፡፡ ሕግን ማክበር እንደ ሞኝነት፣ መጣስ እንደ ብልጠት በሚቆጠርበት ክፍል የተመደበ ወጣት፣ የጣሰውን ሲወደስና ያከበረውን ሲሳቅበት እያየ ያድጋል፡፡ የአንድ ግለሰብ ስግብግብነት ሳይሆን፣ የሚውልበት ጓደኛና የሚሰማው ቃል ነው በዚህ አስተሳሰብ ቀዳሚውን ሥፍራ የሚይዘው፡፡

የሰዘርላንድ ደቀ መዝሙር የነበሩት ዶናልድ ክሬሲ ጥያቄውን ወደ ማረሚያ ቤት ይዘውት ገቡ፡፡ በኢሊኖይ፣ በካሊፎርኒያና በኢንዲያና ግዛቶች በሚገኙ ሦስት ማረሚያ ቤቶች እምነት በማጉደል የተፈረደባቸውን 133 እስረኞች አነጋግረው ውጤቱን እ.ኤ.አ በ1953 አሳተሙ፡፡ የመረጧቸው ሰዎች ሥራቸውን የጀመሩት በቅን ልቦና የነበሩትን ብቻ ነው፤ ለመስረቅ ብሎ የተቀጠረው በጥናቱ አልተካተተም፡፡

ክሬሲ እነዚህ ሰዎች ወደ ጥፋቱ የገቡት ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ እንደሆነ ደረሱበት፡፡ የመጀመሪያው ለማንም ሊያዋዩት የማይደፍሩት የገንዘብ ችግር ነው፡፡ ልብ ሊባል የሚገባው ክሬሲ ያሉት ድህነት አለመሆኑ ነው፡፡ ከአቅም በላይ ተደግሶ የመጣ ዕዳ፣ የቁማር ኪሳራ፣ ወይም ከደረጃ ዝቅ ብሎ ላለመታየት የሚደረግ ኑሮ ሊሆን ይችላል፡፡ ችግሩን አደገኛ የሚያደርገው መጠኑ ሳይሆን ምስጢር ሆኖ መያዙ ነው፡፡ ሁለተኛው ችግሩን በተረከቡት አደራ በድብቅ መፍታት እንደሚቻል ማወቅ ነው፡፡ ሒሳብ ሠራተኛው የሒሳቡን ቀዳዳ፣ የንብረት ኃላፊው የመጋዘኑን ቀዳዳ ያውቃሉ፡፡ ሦስተኛው ድርጊቱን ከታማኝነት ጋር የሚያስታርቅ ምክንያት ነው፡፡ ከእስረኞቹ ብዙዎቹ ለራሳቸው ያሉት «ልሰርቅ ነው» ሳይሆን «ለጊዜው ልበደር» ነበር፡፡ ይህ ሦስትዮሽ ከጊዜ በኋላ በሌሎች ባለሙያዎች «የማጭበርበር ሦስት ማዕዘን» የሚል ስም ተሰጥቶት እስከ ዛሬ ኦዲተሮች ይሠለጥኑበታል፡፡

ከክሬሲ ግኝቶች ሁሉ ለሥራ ኃላፊዎች ይበልጥ ሊጠቅም የሚችለው አንድ ነጥብ አለ፡፡ ምክንያቱ የሚመጣው ከድርጊቱ በኋላ ለማስተባበያ ሳይሆን ከድርጊቱ በፊት ለመፍቀጃ ነው፡፡ ሰውየው ገንዘቡን ከማንሣቱ በፊት ቃሉን አግኝቷል፡፡ ቃሉን ያገኘውም ከራሱ አእምሮ ሳይሆን በዙሪያው ሲነገር ሰምቶ ነው፡፡

ግሬሻም ሳይክስና ዴቪድ ማትዛ የተባሉት ምሁራን እ.ኤ.አ በ1957 ወጣት አጥፊዎች ጥፋታቸውን ለራሳቸው የሚያቀሉባቸውን አምስት መንገዶች ለይተው አውጥተዋል፡፡ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እነዚሁ መንገዶች በነጭ ኮሌታ ወንጀል ውስጥ በስፋት እንደሚታዩ አመልክተዋል፡፡ በየቢሮአችን ከሚሰማው ንግግር ጋር ስናስተያያቸው እንግዳ አይሆኑብንም፡፡

የመጀመሪያው ኃላፊነትን መካድ ነው፤ «የበላይ ፈርም ብሎኝ ነው የፈረምኩት» ይባላል፡፡ ሁለተኛው ጉዳትን መካድ ሲሆን፣ «የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ ማን ተጎዳ?» የሚለው ነው፡፡ ሦስተኛው ተጎጂን መካድ ነው፤ «ነጋዴውስ ቢሆን ሕዝቡን ሲመዘብር የኖረ አይደለም?» ይባላል፡፡ አራተኛው ከሳሾችን መልሶ መክሰስ ሲሆን፣ «ኦዲተሩ ራሱ ንጹሕ ነው ወይ?» የሚለው ይገኝበታል፡፡ አምስተኛው ከሕግ በላይ ለሆነ ታማኝነት መቆም ነው፤ «የወንዜን ልጅ፣ ዘመዴን እንዴት ፊት እነሳለሁ?» የሚለው ነው፡፡

በመግቢያችን ያነሣነው አባባል በዚህ ዓይን ሲታይ ከተረትነት ያልፋል፡፡ ወደ ጥፋት ሊገባ ላለ ሰው ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ የፈቃድ ወረቀት ነው፡፡

አጋጣሚውን የሚፈጥረው አሠራር

ወንጀል ግን በአስተሳሰብ ብቻ አይፈጸምም፡፡ ሎውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን እ.ኤ.አ በ1979 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ወንጀል እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜና ቦታ መገናኘት አለባቸው፡፡ እነርሱም ለማጥፋት የተነሣሣ ሰው፣ ተስማሚ ዒላማና ብቁ ጠባቂ አለመኖር ናቸው፡፡ በጎዳና ላይ ጠባቂው ፖሊስ ወይም አላፊ አግዳሚው ሊሆን ይችላል፡፡ በመሥሪያ ቤት ጠባቂው ሁለተኛው ፊርማ፣ ቆጠራው፣ ኦዲቱና የባልደረባ ዓይን ነው፡፡

ሮበርት ክሊትጋርድ የተባሉት ምሁር ደግሞ እ.ኤ.አ በ1988 ሙስናን በቀላል ስሌት ገልጸውታል፡፡ አንድን አገልግሎት ለብቻ የመስጠት ሥልጣን ከሰፊ የግል ውሳኔ መብት ጋር ሲደመር፣ ተጠያቂነት ደግሞ ሲቀነስ ውጤቱ ሙስና ነው ይላሉ፡፡ ፈቃድ የሚሰጠው አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ፣ መቼና ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው በጽሑፍ በተቀመጠ መስፈርት ሳይሆን በባለሙያው ፈቃድ ከሆነ፣ ለምን ከለከልክ ብሎ የሚጠይቀውም ከሌለ፣ ባለጉዳዩ እጅ መንሻ ይዞ እንዲመጣ መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው፡፡

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የታወቀውን የንብረት ርክክብ ለአብነት እንውሰድ፡፡ ዕቃው መጋዘን ሳይገባ የገቢ ሰነዱ ሞዴል 19 ቢቆረጥ፣ በሰነዱ መሠረት ክፍያ ይፈጸማል፤ ወረቀቱ ከወረቀት ጋር ይስማማል፤ መደርደሪያው ግን ባዶ ነው፡፡ ይህ ድርጊት መሣሪያ አያስፈልገውም፤ አጥር አያስዘልልም፤ ድምፅም የለውም፡፡ የሚያስፈልገው የአቅራቢው፣ የተቀባዩና የክፍያ አጽዳቂው ስምምነት ነው፡፡ ሊገታው የሚችለውም ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን በዓይኑ የሚያይ አራተኛ ሰው ነው፡፡

ከወርልድኮም ውድቀት የሚቀሰም ትምህርት

እስካሁን የተጠቀሱት ሐሳቦች በተግባር እንዴት እንደሚገናኙ ከሚያሳዩ ጉዳዮች አንዱ የአሜሪካው ወርልድኮም ኩባንያ ውድቀት ነው፡፡ ዋና መሥሪያ ቤቱ በሚሲሲፒ ግዛት ክሊንተን ከተማ የነበረው ይህ ግዙፍ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ኩባንያ እ.ኤ.አ በ2000 ማብቂያ ላይ ትርፉ እያሽቆለቆለ መጣ፡፡ ይህን ለመሸፈን የኩባንያው የፋይናንስ ኃላፊ ስኮት ሱሊቫን በሒሳብ መዝገቡ ላይ ለውጥ እንዲደረግ አዘዙ፡፡

ወርልድኮም የሌሎች ኩባንያዎችን የስልክ መስመር ለመጠቀም ከፍተኛ ክፍያ ይፈጽም ነበር፡፡ ይህ ክፍያ የዕለት ተዕለት የሥራ ወጪ በመሆኑ በዚያው ዘመን ከገቢ ላይ ሊቀነስ ይገባል፡፡ በትእዛዙ መሠረት ግን የክፍያው ከፊል ቋሚ ንብረት እንደተገዛበት ተቆጥሮ ተመዘገበ፡፡ በዚህ የመዝገብ ዝውውር ብቻ ወጪው ሀብት፣ ኪሳራውም ትርፍ መስሎ ታየ፡፡

ምዝገባውን በእጃቸው ያከናወኑት በመካከለኛ ደረጃ ላይ የነበሩ የሒሳብ ሠራተኞች ናቸው፡፡ አሠራሩ ትክክል አለመሆኑን አውቀው አንገራግረው ነበር፤ ሥራ ለመልቀቅም አስበዋል፡፡ ይሁን እንጂ ጉዳዩ ዳግም እንደማይከሰት ስለተነገራቸው፣ የቤተሰብ ኃላፊነትም ስለነበረባቸው ቆዩ፡፡ «ለአንድ ጊዜ ብቻ» የተባለው ግን በየሩብ ዓመቱ ተደጋገመ፡፡

ነገሩን ያወጡት የኩባንያው የውስጥ ኦዲት ኃላፊ ሲንቲያ ኩፐርና ባልደረቦቻቸው ነበሩ፡፡ ኦዲተሮቹ ከመደበኛ ሥራቸው ሌላ ማታ ማታ እየቆዩ ምዝገባዎቹን ተከታተሉ፡፡ የፋይናንስ ኃላፊው ምርመራው እንዲዘገይ ቢጠይቁም ወይዘሮ ኩፐር ጉዳዩን ለኩባንያው የኦዲት ኮሚቴ ሰብሳቢ አቀረቡ፡፡ እ.ኤ.አ በጁን 2002 ኩባንያው 3 ነጥብ 8 ቢሊዮን ዶላር ያለአግባብ መመዝገቡን ይፋ አደረገ፤ 17 ሺህ ሠራተኞችን እንደሚቀንስም አስታወቀ፡፡ በቀጣዩ ወር መክሰሩን በፍርድ ቤት አስመዘገበ፤ ይህም በወቅቱ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ ነበር፡፡ የተዛባው ሒሳብ በመጨረሻ ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል፡፡

እ.ኤ.አ በ2005 ዋና ሥራ አስፈጻሚው በርናርድ ኤበርስ 25 ዓመት፣ ከዐቃቤ ሕግ ጋር የተባበሩት ሱሊቫን ደግሞ 5 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፡፡ ታዘው ከመዘገቡት የሒሳብ ሠራተኞች መካከልም ወደ ማረሚያ ቤት የገቡ ነበሩ፡፡ «አለቃዬ አዝዞኝ ነው» የሚለው ቃል በቢሮ ውስጥ ያጽናና ይሆናል እንጂ በችሎት ፊት ነፃ አያወጣም፡፡

የአገራችን ሁኔታና የሕግ ማዕቀፉ

በኢትዮጵያም የታመነ ባለሙያ ማረጋገጫ ሲጎድል ምን ሊከተል እንደሚችል ያሳየ ክስተት በ2000 ዓ.ም. ተሰምቷል፡፡ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወርቅ ብሎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከላከው ውስጥ ወርቅ የተቀባ ብረት ተገኝቶ ተመልሷል፡፡ በወቅቱ ከተጠረጠሩት መካከል አቅራቢዎች፣ የባንኩ ሠራተኞችና የወርቁን ትክክለኛነት የመመርመር ኃላፊነት የነበራቸው ባለሙያዎች ይገኙበት ነበር፡፡ ባንኩ ጥበቃና ካዝና አላጣም፡፡ ሐሰተኛው ብረት ወደ ካዝናው የገባው ግን አጥር ጥሶ ሳይሆን በተመርማሪ ሰነድ ታጅቦ ነው፡፡

አገራችን ይህን ዓይነቱን ወንጀል ለመከላከል በየጊዜው ሕጎችን አውጥታለች፡፡ በአዋጅ ቁጥር 235/1993 የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቁሟል፡፡ ኮሚሽኑ በመጀመሪያ ሥነ ምግባርን ከማስፋፋት ጎን ለጎን የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣን የነበረው ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ይህ ሥልጣን ወደ ሌሎች የሕግ አስከባሪ አካላት ተዛውሮ ኮሚሽኑ በመከላከልና በማስተማር ላይ እንዲያተኩር ተደርጓል፡፡

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በሥልጣን ያለአግባብ መገልገልን፣ ጉቦ መቀበልን፣ በሥልጣን መነገድንና ምንጩ ያልታወቀ ንብረትና ገንዘብ መያዝን በዝርዝር ደንግጓል፡፡ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ደግሞ እነዚህን ድንጋጌዎች በአንድ ሕግ ከማሰባሰቡም በላይ ሽፋኑን አስፍቷል፡፡ ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብና ንብረት የሚያስተዳድሩ የግሉ ዘርፍ ድርጅቶች ኃላፊዎችና ሠራተኞችም በሙስና ተጠያቂ እንዲሆኑ ተደርጓል፡፡ ይህ ሰዘርላንድ ያነሡትን የሁለት ደጃፍ ችግር ለማጥበብ የሚረዳ እርምጃ ነው፡፡

ሀብትን የማሳወቅና የማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና በአዋጁ የተመለከቱ ሠራተኞች ሀብታቸውን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፡፡ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ ያደርጋል፡፡ አዋጅ ቁጥር 780/2005 ደግሞ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ወይም ንብረትን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ከልክሎ ነበር፡፡ በዓለም አቀፍ ደረጃም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2003 የፀደቁትን የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነትንና የአፍሪካ ኅብረትን ስምምነት እ.ኤ.አ በ2007 ተቀብላ አጽድቃለች፡፡

መከላከል ከቅጣት ይቀድማል

የክሪሚኖሎጂ ምሁራን የነጭ ኮሌታ ወንጀል በቅጣት ክብደት ብቻ እንደማይገታ ያስረዳሉ፡፡ ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ እ.ኤ.አ በ1764 ወንጀልን ይበልጥ የሚገታው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን የማይቀር መሆኑ ነው ብለው ነበር፡፡ የሃያ ዓመት እስራት የሚያስፈራው እንደሚያዝ ለሚያምን ሰው ነው፡፡ ቀዳዳውን የሚያውቀው የሒሳብ ሠራተኛ ግን የሚያሰላው የዓመቱን ብዛት ሳይሆን የመያዙን ዕድል ነው፡፡

ስለዚህ መከላከሉ ከሦስቱም ማዕዘናት መጀመር አለበት፡፡ አጋጣሚን ለመዝጋት አዛዡ፣ ከፋዩና መዝጋቢው የተለያዩ ሰዎች መሆን ይገባቸዋል፡፡ ድንገተኛ የጥሬ ገንዘብና የንብረት ቆጠራ ሊለመድ ይገባል፡፡ ለዓመታት የዓመት ዕረፍት ያልወሰደ ገንዘብ ያዥ እንደ ትጉ ሠራተኛ ብቻ ሊታይ አይገባም፤ ሌላ ሰው ለሁለት ሳምንት በወንበሩ ላይ ሲቀመጥ መዝገቡ የሚናገረው ነገር ሊኖር ይችላል፡፡ በወርልድኮም እንደታየው የውስጥ ኦዲት ክፍል ሊመረምረው ከሚገባው ኃላፊ በላይ ላለ አካል ሪፖርት የሚያደርግበት መንገድ ክፍት መሆን አለበት፡፡

ምስጢር ሆኖ የተያዘውን ችግር በተመለከተ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋ መፍትሔ አለ፡፡ የሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ከጥቅማ ጥቅም በላይ ነው፡፡ የተቸገረ ሠራተኛ ሳያፍር ችግሩን የሚያነሣበት በር ካለው፣ በድብቅ ወደ ካዝናው የሚያይበት ምክንያት ይቀንሳል፡፡ ሠራተኛውን በቅርብ የሚያውቅ አለቃም ከብዙ መመሪያ ይበልጥ ይጠብቃል፡፡

ሦስተኛውና አስቸጋሪው ማዕዘን ቃሉ ነው፡፡ ቃልን በመመሪያ መከልከል አይቻልም፤ ዋጋ ማሳጣት ግን ይቻላል፡፡ የሥራ ኃላፊው ራሱ የመሥሪያ ቤቱን ተሽከርካሪ ለሠርግ እያዋለ ስለ ሥነ ምግባር ቢሰብክ ሠራተኛው የሚማረው ከስብከቱ ሳይሆን ከተሽከርካሪው ነው፡፡ ያልተሄደበት የመስክ አበል «የተለመደ» ተብሎ ሲፈረም፣ ለፈረመው ሰው ነገ የሚመጣው ትልቁ ወረቀት እንግዳ አይሆንበትም፡፡ ድርጊቶች በስማቸው ሲጠሩ፣ «በላ» መባሉ ቀርቶ «ሰረቀ» ሲባል፣ መፍቀጃው ቃል ኃይሉን ያጣል፡፡

ተጎጂው ፊት ለፊት አለመታየቱም የዚህ ወንጀል መደበቂያ ነው፡፡ ኪሱ የተገባበት ሰው ይጮኻል፡፡ በጤና ጣቢያ መድኃኒት አጥታ የተመለሰች እናት ግን መድኃኒቱ የተሰወረው በየትኛው ሰነድና በማን ፊርማ እንደሆነ ልታውቅ አትችልም፡፡ ስለዚህ አትጮኽም፤ የጮኸላትም የለም፡፡ «ማን ተጎዳ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እርሷ ናት፡፡

ለማጠቃለል ያህል፣ ክሪሚኖሎጂ ስለ ነጭ ኮሌታ ወንጀል የሚያስተምረው ወንጀለኛው ከእኛ የተለየ ፍጡር አለመሆኑን ነው፡፡ ክሬሲ ያነጋገሯቸው እስረኞች ሥራቸውን በቅንነት የጀመሩ ነበሩ፤ የወርልድኮም ሒሳብ ሠራተኞችም እንዲሁ፡፡ የውድቀታቸው መጀመሪያ አንድ ፊርማና «ለጊዜው»፣ «ለአንድ ጊዜ ብቻ»፣ «ታዝዤ ነው» የምትል አንዲት ቃል ነበረች፡፡ በአገራችን አደራ በላ መባል ከሌባነት የከፋ ስድብ ሆኖ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ሌባ ያላመነውን ሰው ንብረት ይወስዳል፤ አደራ በላው ግን ያመነውን፡፡ ስለሆነም እያንዳንዱ የመንግሥት ሠራተኛና የሥራ ኃላፊ ከመፈረሙ በፊት ሰነዱን ብቻ ሳይሆን ለራሱ የሚሰጠውን ምክንያትም መርምሮ ሊፈርም ይገባል፡፡